ሦስተኛው መስመር ስድስት ሰዓት ላይ

ይህ የሆነ ነው። የማያምን አይመን፤ እኔ እመኑኝ ብዬ ማንንም አልለምንም።

በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ የሰርቨር ክፍሉን የምጠርገው እኔ ነኝ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለቀምኩት በስተርጅና ነው። ጆሮዬ ግን የተማረ ነው።

ልጄ የዚያ መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን ነበር። ዩኒክስ የሚሉትን ሰርቨር ከነስልክ መስመሮቹ የሚያዘው እሱ ነው። የቤታችን ሞደም፣ ኮምፒውተሩን በስልክ እያፏጨ ከሰርቨሩ የሚያገናኘው ዕቃ፣ አሮጌ ስለሆነ፣ ሦስተኛውን መስመር ለብቻው በቀርፋፋ ፍጥነት አስተካከለው። ሲታመምም በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከአልጋው ሆኖ ይደውል ነበር።

ፉጨቱን ስሰማ "ልጄ ደህና ነው" እልና መጥረጌን እቀጥላለሁ።

ከሞተ ዓመት አለፈው። ሞደሙን ነቅዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋው ሥር ከተትኩት።

ሦስተኛው መስመር ግን... በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያፏጫል።

ለማንም አልተነፈስኩም። "አሮጊቷ ጃጀች" ይሉኛላ! ደግሞስ... ሌላ ማን ይደውልልኛል?

አዲስ ቴክኒሻን መጣ። ችኩሉ እለዋለሁ። በመጣ በሳምንቱ መስመሮቹን በሙሉ አፈጠናቸው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ጮኸ። ተቆረጠ።

ጮኸ... ተቆረጠ።

በር እያንኳኳ የሚከፍትለት እንዳጣ ሰው።

ችኩሉ ጥግ ላይ ዳቦውን ይገምጣል።

"ሦስተኛውን ወደ ድሮው መልሰው!" አልኩት።

"እማማ ደግሞ፣ ኤሊ ምን ያደርግልናል?"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መልሰው አልኩህ!"

እየሳቀ የፍጥነቱን ፋይል ከፈተና ቁጥሩን ዝቅ አደረገው።

ፉጨቱ መጣ... ያዘ።

ስክሪኑ ላይ የፈረንጅ ፊደል አንድ በአንድ ይወጣ ጀመር። ችኩሉ ማኘኩን ተወ።

"እማማ..." አለ በሹክሹክታ። "የተደወለው ከእርስዎ ቤት ስልክ ነው። ቤት ማን አለ?"

"ማንም። ቁልፉ ይኸው ኪሴ ውስጥ።"

"በልጅዎ ስም ነው የተገባው..."

"ምን ይላል? አንብብ!"

"'እማዬ፣ ዛሬ ቤት እንዳትገቢ።'"

መስመሩ ተቆረጠ።

የገዛ ቤቴን ማን ይከለክለኛል? ደግሞ ልጄ እዚያ ካለ... እንዴት እቀራለሁ? መጥረጊያዬን ጥዬ ሄድኩ።

ቁልፉ ዞረ። በሩ ግን እንቢ አለ።

ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሞደሙ ያፏጫል... በዚያው ቀርፋፋ ድምፁ።

"ልጄ?" አልኩ።

ፉጨቱ ቆመ።

ከእንጨቱ ወዲያ፣ ልክ ከጆሮዬ ትይዩ... አንድ ሰው ሳለ።

ልጄን ስድስት ወር አስታምሜዋለሁ። ሳሉን አውቀዋለሁ።

የእሱ አልነበረም።