አቧራ አያልቅም

በማኅበሩ ውስጥ «አትንኩ» ነበር የሚሉት። ይህን ቅጽል ያወጣለት መደርደሪያው ነው። የአሮጌ ራዲዮ ወዳጆች ማኅበር ባለችው አንዲት ጠባብ ክፍል ከአርባ በላይ ራዲዮ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱም ላይ በእሱ እጅ ጽሕፈት «አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ልብስ ሰፊዋ «የበጎ ፈቃድ ረዳቶች እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ አይታ ገባች። አትንኩ ቀና ብሎ በደንብ እንኳ ሳያያት አንድ ቡትቶ ጨርቅ አቀበላት።

«አቧራ ጥረጊልኝ።»

ጠረገች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ጠረገች። እነሆ ዛሬ ሰባተኛ ቅዳሜዋ ነው። የጠረገችውን ሁሉ እሱ ከኋላዋ እየተከተለ ይደግመዋል። ከእሷ ጋር የገቡት ጡረተኛ መምህር ወንበር ሲደረድሩ ከርመው፣ «ለወንበርማ ቤቴም ወንበር አለኝ» ብለው ቀርተዋል።

ቅዳሜ ደግሞ የስፌት ገበያ የሚደራበት ቀን ነው። ዛሬ ጠዋት ከስፌት ሱቃቸው ስትወጣ ታላቅ እህቷ መቀሷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመችባት።

«እኔ በደንበኛ ተወጥሬ አንቺ የሰው አቧራ ትጠርጊያለሽ? ዛሬ የመጨረሻሽ ይሁን! ወይ ስፌቱን ወይ ሰውየውን ምረጪ።»

«የምን ሰውዬ አመጣሽ ደግሞ?»

«እኔ እንጃ! ለራዲዮ ብሎ ሦስት ጊዜ መስተዋት የሚያይ ሰው አላየሁማ።»

ፊቷን አዙራ ወጣች። የእህቷ ነገር ግን እውነትነት ነበረው። አንድ ቀን አትንኩ ለዓመታት ድምፁ የጠፋ ራዲዮ ላይ ጆሮውን ደፍቶ ሲጠብቅ፣ ራዲዮውም ድንገት ሲተነፍስ፣ ፊቱ ላይ የፈካውን ነገር አይታለች። ከዚያ ወዲህ ነው ጨርቁን ወርውራ መሄድ ያቃታት።

ዛሬ ግን ልቧ ቆርጧል። የማኅበሩ የራዲዮ ዐውደ ርእይ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል፤ ገና ያልተጠገነው የትየለሌ ነው፤ እሷ ግን ያንኑ አቧራ ትጠርጋለች። አንድ ትልቅ የእንጨት ራዲዮ ጋ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። የድምፅ ማጉያው መሸፈኛ ጨርቅ አዲስ ነው። ስፌቱ ግን እንደ ሰካራም እርምጃ ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል።

«ይሄን ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«በምንህ ሰፋኸው? በእግርህ?»

አትንኩ እጁን ከኋላው ደበቀ። ሦስት ጣቶቹ በፕላስተር ተጠቅልለው አይታለች።

«ምን ላድርግ፣ ሰው የለማ» አለ። «ሁሉንም እኔው ነኝ የምሠራው።»

ይቺን ጊዜ ደሟ ፈላ።

«ሰው የለም? እኔ ታዲያ ምንድነኝ? ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ! በሰባት ሳምንት አንድ ቀን ‹ምን ትችያለሽ?› ብለኸኛል? ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ነበር የሚባለው። አንተ ሎሚውን ለብቻህ ተሸክመህ እኛን ጌጥ አደረግኸን!»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ አመራች።

«ቆይ...»

«አልቆይም። ዛሬ የመጨረሻዬ ነው።»

«ልብስ ሰፊ መሆንሽን አላወቅኩም።» የጣቱን ፕላስተር እየነካካ፣ «ባውቅም ግን ስፌቱን አልሰጥሽም ነበር» አለ።

«ጭራሽ!»

«ስፌት ያልቃላ!» መሬት መሬት እያየ ነበር። «ጨርቁን ሰፍተሽ ስትጨርሺ ትሄጃለሽ። አቧራ ግን አያልቅም።»

ትሳቅ ወይስ በቡትቶው ትግረፈው፣ ቸገራት።

«እና ዕድሜ ልኬን አቧራ ልታስጠርገኝ ነው?»

«ሌላ ዘዴ አላውቅማ።»

«‹ሻይ እንጠጣ› ሲባል ሰምተህ አታውቅም?»

«ሰምቻለሁ» አለ። «ለሌላ ሰው ሲባል።»

ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና መቀስ አምጣ አለችው። ያን የተወላገደ ስፌት ፊቱ ላይ ተረተረችው። እጁን ሊሰድ ሲል በዓይኗ መለሰችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ጨርቁ የኔ ነው። መምህሩንም ቤታቸው ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ፤ ምን እንደሚችሉም ትጠይቃለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አልመጣም፤ እህቴ ትገድለኛለች። እሑድ ነው የምመጣው።»

«ቅዳሜን ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«እሱን አንተ እወቅ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቆ ሳለ አትንኩ በሩ ላይ ተገተረ። ሸሚዙን ተኩሷል፤ አንገትጌውን ግን ረስቶታል።

«ረዳት... ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ብዬ ነው» አለ።

ታላቅ እህት አንዴ እሱን፣ አንዴ እህቷን አየች። ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ምን ትችላለህ?»

«መፍታት እችላለሁ። ራዲዮ ስፈታ ነው የኖርኩት።»

«እሰይ! ና ቁጭ በል። የዚህን ኮት ግራ እጅጌ አበላሽተነዋል፤ ተርትርልኝ።»

ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠ። አጎንብሶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ክሩን አንድ በአንድ ይመዝ ጀመር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ስትል እጅጌው ተገንጥሎ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ቀኙ ነበር፤ ደህናው።

አፏን ከፈተች። ፊቱን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

«ጥሩ ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው» አለችና ለሁለት እጅጌ የሚበቃ ክር መረጠች።