የዶክተር ሙክታር ድካም

ጠዋት የገባው የመጀመሪያው ልጅ የፓይለት ድካም ቀምሶ ወጣ። ቀጥላ የገባችው የዳኛ፣ ከእሷ በኋላ የመጣው ደግሞ የመሐንዲስ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ትርሲት የስንቱን ሰው ድካም ለስንቱ ልጅ እንዳቀመሰች መቁጠሩን ትታው ነበር። የራሷን የሚቀምስላት ሰው ግን አልነበረም።

የትምህርት ምርጫው የመጨረሻ ቀን ነው። ድሬዳዋ እንደ ወትሮዋ ትጋላለች። ከአስፋልቱ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ እያዞረ ቤቱንና መንገዱን የሚያበርደው የብርድ ቦይ ባይኖር ኖሮ ከተማዋን ሰው ጥሏት ከሄደ ቆይቶ ነበር። ቦዩም አርጅቷል፤ ሙቀቱ ሲበረታበት ያቃስታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ቀጥ ይላል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አመሻሽ ላይ በሩ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዳቸው ሦስት የትምህርት ዓይነት መርጠው መሄድ አለባቸው። የመረጡትን ደግሞ እንደ ሸሚዝ አይቀይሩትም፤ እስከ ሥራው ዓለም ድረስ አብሯቸው ይሄዳል።

ለዚህ ነው ማቅመሻ ወንበር የተሠራው። በሙያው የታወቀ አንድ ሰው የሥራ ቀኑን ሲጨርስ በነርቩና በጡንቻው ውስጥ ያለው ድካም ተቀድቶ ይቀመጣል፤ ያ የድካም ናሙና ይባላል። ተማሪው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሰውየው ድካም ለጥቂት ደቂቃ የእሱ ይሆናል። ድሮ ልጆች በደሞዝ፣ በስም፣ በጎረቤት ወሬ ይመርጡና ጎልማሳ ሲሆኑ ይጸጸቱ ነበር አሉ። ስለዚህ አዋቂዎቹ ተሰብስበው፣ ልጁ በየማታው ይዞት ወደ ቤቱ ሊገባ የሚችለው ድካም የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ፣ ትምህርቱንም በዚያው ልክ ይምረጥ ብለው ወሰኑ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ትርሲትም ሥራውን የያዘችው ጥሩ ነው ብላ አምና ነው።

ችግሩ ሁሉም ያንኑ መምረጡ ነው። የሐኪሙ ድካም ጥሩ የእግር ጉዞ አድርጎ እንደተመለሰ ሰው ድካም ቀለል ያለ ነው፤ የመሐንዲሱም እንደዚያው፣ የዳኛውማ ጭራሽ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ደስ የሚል ነገር ነው። የብርድ ቦይ ጠጋኙን ናሙና የቀመሰ ልጅ ግን ወገቡን ይዞ፣ እየተሳደበ ከወንበሩ ይነሳል። ዓመት በመጣ ቁጥር ከተማዋ በሐኪምና በመሐንዲስ ትሞላለች፣ ቦዩን የሚጠግን ይጠፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አድገው፣ ሥራ ይዘው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ ተመልሰው የሚመጡት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው «ቲቸር፣ የቀመስኩት እንዲህ አልነበረም» ይሏታል። ሰው ሲያድግ ይለወጣል ብላ ትሸኛቸዋለች። ይህንን መልስ ራሷም ከሰለቸችው ቆይታለች።

«ኢክራም ሙክታር» ብሎ ተራ ጠሪው ግድግዳ ተጣራ።

የገባችው ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሳትጋበዝ ወንበሩ ላይ ወጣች።

«ቲቸር፣ የሰርጀኑን ስጪኝ። ሌላውን ተይው አቦ።»

«አንቱ» ማለት ለድሬ ልጅ ጥንትም አይመቸው፤ ትርሲትም አትጠብቅም። «እስከ ሦስት መቅመስ ይፈቀዳል» አለቻት።

«አንዱ ይበቃኛል። የአባቴ ነው።»

ናሙናዎቹ ላይ ስም አይጻፍም፤ ነገር ግን የቀዶ ሕክምናውን ናሙና የሰጠው ዶክተር ሙክታር መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የተሰጠው የምስጋና ወረቀት ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያነበዋል።

«ታዲያ ድካሙን በየቀኑ ቤትሽ እያየሽው እዚህ መጥተሽ ምን ትቀምሺዋለሽ?» አለች ትርሲት።

«ቤት አላየውም። ችግሩ እሱ ነው።» ኢክራም ጣራውን እያየች ቀጠለች። «ባጃጁ ደጃችን ያደርሰዋል፤ አይወርድም። ባጃጁ ሾፌር የለው፣ በራሱ የሚሄድ ነው፣ ‹ደርሰናል ዶክተር፣ ደርሰናል ዶክተር› እያለ ይለፈልፋል። አባ ዝም። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ቆይቶ እየሳቀ ይገባል። ምን ስትሠራ ነው ስለው ዜና እየሰማሁ ነው ይለኛል። ደከመህ ስለው ኧረ ምንም። ሐኪም ሁኚ፣ ቀላል ነው፣ ትወጂዋለሽ ይለኛል። እኔም ሳልወደው አልቀርም። ግን ማወቅ አለብኝ። አንዴ ከፈረምኩ መመለሻ የለውም።»

ትርሲት ናሙናውን ከፈተችላት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች፣ ፊቷ ፈታ አለ፣ ጥቂት ቆይታም ዓይኗን ገለጠች።

«ይሄ አባቴ አይደለም።»

«የሰርጀን ናሙና አንድ ነው ያለው፤ የእሱ።»

«እንግዲያው ወንበርሽ ተበላሽቷል። አባቴን የማላውቀው መሰለሽ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትርሲት ትቆጣ ነበር። ዛሬ ለቁጣ የሚሆን አቅም አልነበራትም፤ እግሯ ጫማዋን ሞልቶ አብጧል፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰልፍ ገና አላለቀም። አንዴ ልድገምላትና ትሂድልኝ ብላ እጇን ወደ መክፈቻው ስትሰድ ከወለሉ ሥር ሁልጊዜ የሚሰማው የቦዩ ድምፅ ቀጥ አለ። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ወንበሩ ጠፍቶ እንደገና በራ፤ ሙቀት ሲመታው እንዲህ ያደርገዋል።

ከበራ በኋላ ግን እንደ ልማዱ አልጀመረም። እያንዳንዱ ናሙና ከፊቱ ጥቂት ማሟሻ አለው፤ መሣሪያው ሰውየው ገላ ላይ ከታሰረ በኋላ ቀጂው የመጀመሪያውን ጥያቄ እስኪጠይቅ ያለው ጊዜ ማለት ነው። ይጠቅማል ያለው ሰው ስላልነበረ ወንበሩ ሁልጊዜ ዘሎት ያልፋል። አሁን ያጠፋው ሙቀት መዝለሉን ሳያስረሳው አልቀረም፣ ናሙናውን ከጫፉ ያዘው።

የኢክራም ትከሻ ወረደ። አገጯ ደረቷ ላይ አረፈ፣ እጆቿ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ጭኗ ላይ ተዘረጉ። ትንፋሿ እየራቀ መጣ። ትርሲት በሥራ ዘመኗ የሐኪሙን ናሙና የቀመሰ ልጅ እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም፤ ደንግጣ ልታጠፋው ተነሳች።

«ተይው» አለች ኢክራም። ቃሉን ለማውጣት ታግላለች።

በዚህ መሀል ከወንበሩ ድምፅ ማውጫ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ ናሙናውን ለመቅዳት ከአዲስ አበባ የመጣች፣ አነጋገሯ ትሕትና የሞላው ሴት ናት። «ዶክተር፣ ደከመዎት እንዴ?»

የልጅቷ ጀርባ ቀጥ አለ። ትከሻዋ ተነሳ፣ ፊቷ ላይ የእንግዳ መቀበያ ፈገግታ መጣ፣ ከንፈሯም ከአባቷ ድምፅ ጋር አብሮ ተንቀሳቀሰ። «ኧረ ምንም» አለ ወንበሩ። ከዚያ በኋላ የቀጠለው ትርሲት የምታውቀው፣ ልጆች ሁሉ የሚወዱት ያ ቀለል ያለ ድካም ነው።

ናሙናው ሲያልቅ ኢክራም እያለቀሰች ነበር።

«አመመሽ?»

«መድከሙ አይደለም» አለች፣ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች። «መነሳቱ ነው። ቀጥ ሲል እንዴት እንደሚያመው ብታውቂ። እየሳቀ ነው የሚያመው።»

ትርሲት ልጅቷን አስነስታ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ የዳኛውን ናሙና ከማሟሻው ከፈተችና ራሷ ቀመሰችው። ከጥያቄው በፊት ራስ ምታትና ለማንም የማይነገር ፍርሃት ነበረ፤ ጥያቄው ሲመጣ ወገብ ቀጥ አለ፣ ኧረ ምንም። መሐንዲሱን ከፈተች። ኧረ ምንም፣ ደህና ነን፣ ተመስገን። ፓይለቱም እንደዚያው። በመጨረሻ የቦይ ጠጋኙን ከፈተች፣ እሱ ላይ ግን የሚሰማ ጥያቄ የለም። ከጉድጓዱ ሲወጣ ይዘው፣ መሣሪያውን አስረው፣ ቀድተው ሄደዋል፤ ደከመህ ወይ ያለው ሰው አልነበረም። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ለማን ብሎ ቀጥ ይበል?

እነዚያን የተከበሩ ሰዎች ውሸታም ማለት ይከብዳል። እንግዳ ሰው በትሕትና ደከመህ ሲልህ አዎ ደክሞኛል ብሎ ፊቱ ላይ መዘርገፍ ነውር መሆኑን ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የጠቡት። አፋቸው ኧረ ምንም ሲል ገላቸውም አፋቸውን ሰማ። ወንበሩን የሠሩት አዋቂዎችም በዚሁ ልማድ ያደጉ ስለሆኑ ነገሩ አልታያቸውም። ትርሲት በሩ ላይ ቆመው የነበሩትን፣ ሰው ሲያድግ ይለወጣል ብላ የሸኘቻቸውን፣ ዓይናቸው የጎደጎደውን አሰበች። እነሱ አልተለወጡም። የቀመሱት የሰው ድካም ሳይሆን የሰው ጨዋነት ነበር። ተናደደች፤ በማን እንደምትናደድ ግን አላወቀችም።

ከወለሉ ሥር ቦዩ አቃስቶ እንደገና ተነሳ። ትርሲት ወንበሩን ወደ ልማዱ አልመለሰችውም። ከአሁን በኋላ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ከማሟሻው እንዲጀምር አድርጋ አስተካከለችው። አለቆቿ የሚሉትን ይበሉ።

«ምን ልሙላልሽ?» አለች።

«ባዮሎጂ። ኬሚስትሪ። ሒሳብ።»

«አሁን አይደል እንዴ ያየሽው?»

«አየሁት። ድካሙን እችለዋለሁ። የማልችለው ያንን ቀጥ ማለቱን ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያስተምር ትምህርት የለም፣ አልማረውም። እኔ ሲደክመኝ ደክሞኛል እላለሁ።»

ትርሲት፣ አባትሽም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ ብሎ ይሆናል ልትላት ፈለገች። አላለቻትም። ሦስቱን መዘገበች፣ ኢክራም አውራ ጣቷን አሳረፈችበት፣ አለቀ።

«ዛሬ ባጃጁ ሲመጣ ወጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ» አለች ልጅቷ ቦርሳዋን እያነሳች። «ደከመህ አልለውም። ከጠየቅኩት ቀጥ ይልብኛል። ዝም ብለን ዜና እንሰማለን።»

በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። ወንበሩን አየች፣ ትርሲትን አየች፣ ያበጠውን እግሯንም አየች።

«አንቺስ ቲቸር? ደከመሽ?»

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ከትርሲት የተሻለ መልስ ያለው ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም። የጠዋቱን፣ የዓመቱን፣ የእነዚያን የተመለሱ ልጆች ሁሉ ልትነግራት ትችል ነበር። ፈልጋም ነበር። ነገር ግን ወገቧ ቀድሟት ቀጥ አለ፣ ፊቷም በራሱ ፈገግ አለ።

«ኧረ ምንም» አለች።

ኢክራም አልሳቀችም። ተመልሳ መጣች፣ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ከትርሲት አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠችበት።

«እሺ» አለች ወደ ፊት እያየች። «ዜና እንስማ።»

ግድግዳው የሚቀጥለውን ተማሪ ስም ሊጠራ ሲጀምር ትርሲት ትንሽ ቆይ አለችው። ዜናውን ከፈተች። ዜና አንባቢው ስለ ነገው ሙቀት እያወራ ነበር። የሚጠይቃት ሰው ስላልነበረ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ፣ እሷም ተወችው።