ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት

ሟቹ በመዝገቡ ላይ ፍጹም ጤነኛ ነበር። ጠዋት ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት፣ ማታ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት፣ በማግስቱም ያው። አልጋው ላይ የተኛው ሬሳ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አንሶላው በላብ ርሶ ደርቋል፣ ሁለት ትራስ ደራርቦ ቀና ለማለት ሲታገል ነው ነፍሱ የወጣችው። ያየው ሐኪም ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፦ «ይህ ሰው ቢያንስ ሁለት ቀን በትኩሳት ሲነድ ነበር። ሳንባው አልቋል። እህልም የቀመሰ አይመስለኝም።»

እንግዲህ ከሬሳውና ከመዝገቡ አንዱ ዋሽቷል፤ ሬሳ ደግሞ ሲዋሽ ታይቶ አይታወቅም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰውን ወሬ ሁሉ አሳልፋ ጠጠሩን ብቻ ስለምታስቀር። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የዚያን ቀን ጠዋት አለቃዋ ደውሎ፦ «ነርሷ ሳትለካ ነው የጻፈችው፤ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አስረሽ አምጫት» ሲላት፣ «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች። «እሺ» ማለቷ መስማቷን እንጂ መስማማቷን እንዳልሆነ አለቃዋም ያውቃል።

ቤቱ ድንበሩ አጠገብ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የመንገደኞች ለይቶ ማቆያ ሆኗል። ደንቡ በየበሩ ተለጥፏል። ሁለቴ የተከተበ አምስት ቀን፣ ያልተከተበ ዐሥራ አራት ቀን ይቆያል። ትኩሳት የታየበት ግን ቢከተብም ባይከተብም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ አብሮት የመጣውም ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራል።

ሟቹ በያጅ ነበር፤ ስኳር በሽታም ነበረበት። ከታናሽ ወንድሙ ከልብስ ሰፊው ጋር ከውጭ አገር ሥራቸው ተነሥተው የመጡት እናታቸው በጠና ስለታመመች ነው። የእናትየው ቤት ከዚህ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። ሁለቱም ሁለቴ ተከትበዋል፤ በያጁ ሰባት ቁጥር፣ ልብስ ሰፊው ስምንት ቁጥር ገቡ። በነጋታው አምስቱ ቀን አልቆ ሊወጡ ነበር።

ወንፊት ከነርሷ ጀመረች።

«ልጄ፣ ለክተሽ ነው ወይስ ገምተሽ የጻፍሽው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ለክቼ ነው!» የነርሷ ጭምብል በእንባ ርሷል። «አርባ ክፍል አለብኝ፣ ብቻዬን ነኝ። አንኳኳለሁ፤ ሰንሰለቱን ሳይፈቱ በሩን ገርበብ አድርገው እጃቸውን ያወጡልኛል፤ አንጓቸው ላይ ለክቼ እጽፋለሁ።»

«ፊታቸውንስ?»

«ፊት አላይም። ትንፋሻቸው እንዳያገኘኝ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ቤቴ ጡት የሚጠባ ልጅ አለኝ፣ ኢንስፔክተር። ምን ላድርግ?»

«የሰባት ቁጥሩ እጅ ምን ይመስል ነበር?»

ነርሷ ግራ ገባት። «እጅ ነዋ! ለስላሳ፣ ቀጠን ያለ። ሁሌ ቶሎ ነው የሚሰጠኝ። ስምንት ቁጥር ነው እንጂ የሚያስጠብቀኝ፤ ሦስት አራት ጊዜ ካላንኳኳሁ አይከፍትም።»

ወንፊት መነጽሯን በጨርቅ ጠረገች። በጭምብሉ ምክንያት እንፋሎት ሲሸፍነው ነው የሚውለው። «የአንቺ ሥራ ያልከፋ የማን ሥራ ይከፋል» ብላት ተነሣች።

ዘበኛው ምግብ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ በየበሩ ፊት ባለ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ ይሄዳል።

«ሰባት ቁጥር ይበላ ነበር?»

«ይበላ ነበር ወይ! ሳህኑን ልሶ ነው የሚመልሰው። ትናንት ማታም ባዶ ሳህን ነው ያነሣሁት። ዛሬ ጠዋት ግን ነርሷ ብታንኳኳ፣ ብታንኳኳ እጅ የለም። ሰንሰለቱን በመጋዝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ከውስጥ ነበር የታሰረው?»

«ከውስጥ! መንፈስ ካልሆነ ማን ገብቶ ይወጣል?»

ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ወንፊት ይህንን ጠጠር አስቀረችና ሰባት ቁጥር ገባች። በያጁ እጆቹን ብርድ ልብሱ ላይ ጥሏል። ቀስ ብላ እጅጌውን ሰበሰበችው። ከአንጓው እስከ ክርኑ ድረስ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ እንደ ምስር ተበትኖበታል፤ ሌላኛውም እጁ እንደዚያው። እንዲህ ያለውን እጅ ለስላሳ የሚል ዓይነ ስውርም የለም። ከዚያ ቁም ሣጥኑን አየችው። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆሟል፤ ወለሉ ላይ እግሮቹ የፋቁት ነጭ መሥመር ገና አቧራ አልያዘም። በስተኋላው በር አለ።

ሥራ አስኪያጁን አስጠራችው። አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ዱሮ ለባለ ቤተሰብ እንግዶች ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ እናከራይ ነበር... ቁልፉ ስለጠፋ አይቆለፍም።»

«ለጤና ቢሮው ምን ብለህ ፈረምክ?»

«‹ታሽጓል› ብዬ።» ድምፁ አይሰማም። «በዚያ ወረርሽኝ መሐል ግንበኛ ከየት ላምጣ? ቁም ሣጥን አስደገፍኩበት። እንዲህ ያለ ጣጣ ይመጣል ብዬ መቼ አሰብኩ!»

ልብስ ሰፊው ስምንት ቁጥር በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ቀጭን ሰው ነው፤ ጣቶቹን ያፍተለትላል። ወንፊት ከሁለት ሜትር ላይ ቆማ ገና «ነፍስ ይማር» ስትለው ስልኩ ጠራ። እኅቱ ናት፤ ድምጿ ጎልቶ ይሰማል።

«እማዬ ሁለታችሁንም እየጠራች ነው። ሐኪሙ ዛሬን ካለፈች ነው ብሏል። ነገ ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ? ወንድም ጋሼ ስልኩን ለምን አያነሣም?»

«ተኝቷል» አለ ልብስ ሰፊው። ስልኩን ዘግቶ ወንፊትን አያት፤ ወንፊት ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። ጠባሳ አልባ፣ ለስላሳ እጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው ወንበሮቹን በሜትር ለክቶ አራራቃቸው።

«ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል» አለች ወንፊት። «አለቃዬ ነርሷ ሳትለካ ጻፈች ብሏል። ለክታለች። የለካችው ግን ሕያውና ጤነኛ እጅ ነው። ለስላሳ እጅ ብላኛለች፤ የበያጅ እጅ ግን በእሳት የተጠባበሰ ነው። ሰባት ቁጥር ቶሎ ይከፍታል፣ ስምንት ቁጥር ያስጠብቃል ብላኛለች፤ ምክንያቱም ሰባት ላይ እጁን የሰጠው ሰው በውስጥ በር ሮጦ ስምንት እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። በሽተኛው እህል ሳይቀምስ ሳህኑ ባዶ ይመለሳል፤ ሌላ ሰው ይበላለት ነበርና። ሰንሰለቱም ከውስጥ እንደታሰረ የቀረው መንፈስ ገብቶ አይደለም። የወጣው ሰው በውስጥ በር ስለወጣ ነው፤ ከስምንት ሆኖ ቁም ሣጥኑን ወደ ቦታው መመለስ ስላልቻለ ግን ርቆ ቀረ።»

ማንም ሌላ ሰው አላየም። ሁሉም ልብስ ሰፊውን አዩት።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አለ ልብስ ሰፊው፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ሁለተኛው ቀን ማታ ነው ትኩሳቱ የያዘው። ሲያቃስት ሰምቼ የውስጡን በር ከነቁም ሣጥኑ ገፍቼ ገባሁ። ነርሷን ልጥራ አልኩት። ‹እጅህን አበድረኝ› አለኝ። ‹ሦስት ቀን ብቻ። ከተያዝኩ አንተም ቆጠራህ ከአንድ ይጀምራል፤ እማዬ ሁለታችንንም ሳታይ ትሞታለች። ደግሞ ተከትቤያለሁ፣ አልሞትም› አለኝ። ታላቄ ነው፤ አባታችን ከሞተ እንደ አባት ያሳደገኝ እሱ ነው። እምቢ ማለት አላውቅበትም። ትናንት አየር አጠረኝ ሲል በሩን ልከፍት ተነሣሁ፤ ልብሴን ይዞ አስቀረኝ። ‹አንድ ቀን ነው የቀረችው› አለኝ። ሲነጋ ብነቀንቀው...»

ነርሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አንድ ቀን ዞር ብዬ ባይ ኖሮ! ኦክስጅን አጠገባችን አለ እኮ፤ ሆስፒታሉ ማዶ ነው እኮ!»

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት ያያል። ዘበኛው፦ «እኔም ሳህኑን ሳነሣ አንድ ቀን ‹እንዴት አደርክ› ብዬው አላውቅም» አለ። ወንፊት ሁሉንም ተራ በተራ አየች። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ገዳይ አጥታ አታውቅም፤ ዛሬ ገዳዩ ማን ነው ብትባል አራት ሰውና አንድ ደንብ ትቆጥራለች፤ ከአምስቱ አንዱም ሞቱን አልፈለገም።

«ቆጠራዬ ከአንድ ጀመረ አይደል?» አለ ልብስ ሰፊው።

ወንፊት ለጤና ቢሮው ኃላፊ ደወለች።

«ጌታዬ፣ ሰውዬው ሁለቴ ተከትቧል። የዛሬ ምርመራውም ነፃ ነው። እናቱ ለነገ አትደርስም።»

«ሟቹም ሁለቴ ተከትቦ ነበር።»

«ታዲያ ክትባቱ ምን ጠቀመ ልበለው?»

«ብዙ ሰው አትርፏል። ሁሉንም አላተረፈም። ምርመራው ዛሬ ነፃ ብሎ ከነገ ወዲያ ሊለወጥ ይችላል። አልጋዋ አጠገብ ደሞ ሌላ ልጇ አለች፣ የልጅ ልጆች አሉ።» ኃላፊው ተነፈሰ። «ኢንስፔክተር፣ የራሴን እናት በመስኮት ነው የሸኘኋት። የጻፍኩትን ደንብ ለራሴ ላላ ማድረግ አፍሬ ነው። ልክ ልሁን አልሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ወንፊት ስልኩን አልዘጋችም። ለምና፣ ለምና አንድ ነገር አገኘች፤ ሩብ ሰዓት፣ ከመስኮት ውጭ፣ በእሷ ኃላፊነት።

መኪናውን ራሷ ነዳች፤ መስታወቶቹን ሁሉ ከፍታ። ልብስ ሰፊው ከኋላ ተቀመጠ። እኅቱ የእናቷን አልጋ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጠበቀቻቸው። ከመነሣታቸው በፊት ወንፊት ደውላ የታላቅ ወንድሟን ሞት ነግራታለች፤ ዓይኗ አብጧል፣ እናቷ እንዳታያት ግን ከራስጌዋ በኩል ቆማለች።

እናትየው ልጇን አየችው። ፊቷ ፈካ። ከዚያ ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ ወደ ግቢው በር ሄደ፣ ወደ መኪናው ሄደ፣ ተመልሶም እሱ ላይ ዐረፈ። ቀጭን እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ ሁለት ጣት አነሣች።

«እየመጣ ነው፣ እማዬ!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው። «ወንድም ጋሼ ነገ ይመጣል!»

መስታወቱ ወፍራም ነው፤ የሰማች አትመስልም። ዓይኗን ከልጇ ላይ አንሥታ የማታውቃትን ሴት፣ ባርኔጣዋን በእጇ የያዘችውን ፖሊስ ተመለከተች፤ ሁለቱን ጣቶች እንዳነሣች መልሷን ጠበቀች።

ወንፊት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።