አጥሩ ማዶ የቆመው አበልጄ

እኔ ጉደር ከተማ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲል "እራትህን በልተህ ነበር?" ብዬ የምስቅ፣ ባለቤቴም በዚህ ጠባዬ ስንት ጊዜ የተቆጣችኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ተረት አታድርጉት፣ በዚህ ነገር መሳቅ ትቻለሁ።

ጓሮዬ ውስጥ ዘጠኝ ቀፎ ንብ አለኝ። ንብ አርብቶ የማያውቅ ሰው ክረምት እረፍታቸው ይመስለዋል፣ እመኑኝ የረሃባቸው ወቅት ነው፣ አበባ የለም፣ ዝናቡ አያስወጣቸውም፣ እኔ በሶ እያቀረብኩ፣ ስኳር እየበጠበጥኩ፣ ቀፎው ዝናብ እንዳያስገባ እየከደንኩ እንደምንም መስከረም አደርሳቸዋለሁ። ከረሃቡ የሚብሰው ግን ማሳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል ንቦቹ ተግተልትለው ይወጣሉ፣ ገበሬውም የሚረጨው ያንኑ ቀን ነው፣ ማታ ሬሳቸውን በመጥረጊያ መሰብሰብ ነው።

ከአጥሬ ጋር የሚዋሰነው የስንዴ ማሳ የደቻሳ ነው። ሰፈሩ ኦቦ ደቻሳ ይለዋል፣ ለእኔ ግን አበልጄ ነው፣ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ስምምነታችን ቀላል ነበር፣ ሊረጭ ሲል በዋዜማው አመሻሽ ላይ አጥሩ ጋ ይመጣና "አበልጅ፣ ቦሩ ነው፣ ዝጋ" ይለኛል፣ ነገ ነው ማለቱ ነው። እኔም ንቦቹ ተጠቃለው ሲገቡ የቀፎዎቹን አፍ አየር በሚያሳልፍ እርጥብ ጆንያ እዘጋና መድኃኒቱ እስኪደርቅ አላስወጣቸውም። ስድስት ክረምት አንዴም አላጓደለብኝም።

በሰባተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ካፊያ እየጣለ ስኳር ስበጠብጥ ከአጥሩ ማዶ በቦቲ ጫማ ጭቃ የሚረግጥ ሰው ሰማሁ። ቆመ፣ እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ "አበልጅ፣ ቦሩ ነው፣ ዝጋ" አለ። "ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ፣ ግባና ሻይ ጠጣ" ብዬ ቀና ስል ማንም የለም። ቸኩሎ ነው ብዬ ቀፎዎቹን መዝጋት ጀመርኩ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፣ ሌላ ጊዜ ቀፎ ስዘጋ ንቦቹ ተቆጥተው ይጮኻሉ፣ ያን ቀን ግን ዘጠኙም ቀፎ ጭጭ ብሎ ነበር፣ ጆሮዬን ለጥፌ እስከማዳምጥ ድረስ።

በማግስቱ የማላውቃቸው ሰዎች መርጫ ተሸክመው ማሳውን እስከ ቀትር ረጩት። የእኔ ንቦች ተረፉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደቻሳ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ አገኘሁትና አመሰገንኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ ካቺሲ ከተማ፣ እህቱ ቤት ሳምንት ሙሉ ከርሟል። ወደ ጥግ ወሰደኝና ነገረኝ፣ ማሳውን አከራይቶታል፣ ተከራዩ ደግሞ "ንብ ያላቸው ሰዎች ከሰሙ ቀበሌ ሄደው ያስቆሙኛል፣ አደራ እንዳትነግራቸው" ብሎታል፣ እሱም እሺ ብሎ፣ ፊቴን ላለማየት ካቺሲ ሄዷል።

"ልደውልልህ ስልኬን አውጥቼ ነበር፣ ጨነቀኝና መልሼ ኪሴ ከተትኩት" አለኝ።

መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ያው ቀን፣ ያው አመሻሽ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፣ መከዳት ነው። ልጄን በእጁ ያስታቀፍኩት ሰው ንቦቼ እንደሚያልቁ እያወቀ ዝም አለኝ። ያ ድምፅ ባይመጣ ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

የንስሐ አባታችን አስታረቁን። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ደቻሳ አንድ አመሻሽ ቤቴ መጣ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትን፣ ስለ ልጄ ትምህርት፣ ስለ ዝናቡ፣ ንቦቼ በረቱ ወይ ብሎ ሳይቀር ጠየቀኝ፣ እኔም ልቤ ሟሟ፣ አበልጄ ተመለሰልኝ አልኩ።

ያኔ ነው ከአጥሩ ማዶ ጭቃው ሲረገጥ የሰማነው። ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አበልጅ፣ ቦሩ ነው፣ ዝጋ።"

የራሱ የደቻሳ ድምፅ ነው፣ ደቻሳ ግን ብርጭቆውን እንደያዘ አጠገቤ ተቀምጧል፣ አፉ አልተንቀሳቀሰም። ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"እንዳትመልስለት" አለኝ በሹክሹክታ።

የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዞሬ አየሁትና "ተከራዩ ነገ ሊረጭ ነው እንዴ?" አልኩት። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ሻዬን እየጠጣ፣ ስለ ንቦቼ ጤና እየጠየቀኝ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ያውቅ ነበር።

እጁን ከክንዴ ላይ አነሳሁና ጆንያዎቹን ይዤ ወደ ጓሮ ወረድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ማንም አይታየኝም፣ ጭቃው ላይም ዱካ የለም።

"ገለቶሚ አበልጅ" አልኩ።

በረንዳው ላይ ያለው ደቻሳ ማንን እንደጠራሁ ገብቶት ፊቱን አዞረ። ከአጥሩ ማዶ ግን "እሺ አበልጅ" ተባልኩ።