ትንፋሽ የሌላቸው ስምንት ገጾች

አቀናባሪው ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቶ፣ በኖታ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ከፊቱ የተዘረጋው ለአንድ ፊልም የተደረሰ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ነበር፤ ሟቹ ለትንፋሽ መሣሪያዎች ባንድ እያቀናበረው ሃያኛው ገጽ ላይ ደርሷል።

መርማሪዋ ስትመጣ ፍርዱ ያለቀ ይመስል ነበር። የባንዱ መሪ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሲለየው ሰውየው ገና አሥራ ሦስተኛውን ገጽ ሊጀምር እንደነበር መሰከረ። ስምንት ገጽ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ስለዚህ እስከ ቀትር በሕይወት ነበር። በቀትር ደግሞ ሕንጻው ውስጥ የነበረችው ክላርኔት ተጫዋቿ ብቻ ናት። ሟቹ ለብቻዋ የምትጫወተውን ዜማ ለሌላ ስለሰጠባት በዚያው ሳምንት በሰው ፊት አዋርዳዋለች። እስከ ማምሻ ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ እስር ቤት ትገባለች።

ትሮምቦን ነፊው የሟች ወንድም፣ ገዳይዋ እሷ እንደሆነች ባልደረቦቹ ሁሉ እየሰሙ ተናገረ። እሷም ጥላቻዋን አልደበቀችም።

«ጠላሁት፤ አልክድም። የጠላሁትን ሁሉ ብገድል ከዚህ ባንድ ማን ይተርፍ ነበር?»

መርማሪዋ ግን ጥላቻን ከወንጀል ለይታ የምታይ ሴት ነበረች፤ በወጣትነቷም በፖሊስ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ነፍታለች። ገጾቹን አንድ በአንድ ካገላበጠች በኋላ መሪውን፣ ክላርኔት ተጫዋቿንና ወንድምየውን በልምምድ አዳራሹ ሰበሰበች።

ክላርኔት ተጫዋቿ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ያለ ችግር ተጫወተች። አሥራ ሦስተኛው ላይ ፊቷ ቀልቶ መካከል ላይ አቆመች።

«ይኼንን ሰው አይነፋውም።»

«ስንፍናሽን በሟች ላይ አታላክኪ፤ ዜማው መቆረጥ የለበትም» አለ መሪው።

«ለቫዮሊን ልክ ነዎት፤ ቀስት ትንፋሽ አያጥረውም» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ የቫዮሊኖቹን ረጅም ዜማ ለሁለት ክላርኔቶች እያከፋፈለ፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እንዲቀበል አድርጎ ነበር። ከአሥራ ሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ግን ሁለቱም ያለ ዕረፍት ይነፋሉ። ዕድሜውን ሙሉ የነፋ ሰው ይህን አይጽፍም። እሷም ሆነች ወንድሙ አይጽፉትም። ከቫዮሊን ተጫዋችነት ወደዚህ ባንድ የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እጅ ጽሑፉ የራሱ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሥራዎቹን እየገለበጡ በስምዎ ሲያቀርቡ እጁን ለምደውታል። ረቂቆቹን በሟቹ መሳቢያ ውስጥ አገኘናቸው፤ ለባንዱ ቦርድ ሊሰጠው ያዘጋጀው ክስም አብሮ ነበር። ትናንት የትኛው ገጽ ላይ እንዳቆመ አዩ፤ ቀሪውን ቤትዎ ጽፈው ዛሬ ጠዋት ከገደሉት በኋላ አስቀመጡት፤ እስከ ቀትር በሕይወት የነበረ እንዲመስልና ጥፋቱ በዚህች ሴት ላይ እንዲያርፍ።»

መሪው ክራቫቱን አስተካከለ። «ያለ እኔ ማን ያውቀው ነበር?» አለ በንቀት። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ወንድምየው ወደ ክላርኔት ተጫዋቿ ቀረብ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃት።

«ገዳይ ያልከኝ በጆሮዬ አይደለም» አለችው ቀና ብላ ሳታየው። «ሰዎቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሂድና እዚያ ንገራቸው።»

ሰውየው ጥቂት አመነታ። ከዚያም በሩን ከፍቶ ወደ ባልደረቦቹ ወጣ።