የግራ እግር ጫማ

ሟቹ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ግራ እግራቸው ጥቁር የቆዳ ጫማ ተጫምቷል፤ ቀኙ ግን በካልሲ ብቻ ነው። ከቀጥ ያለው የእንጨት ደረጃ ግርጌ፣ ራሳቸውን በድንጋዩ ወለል ላይ አሳርፈው፣ የረሳውን ነገር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ግንባራቸውን ቋጥረው ተጋድመዋል።

የወይዘሮ ዋልቡርጋ ሁመር ፔንሲዮን ከባምበርግ ካቴድራል ኮረብታ ሥር፣ ጠባብ መንገድ ላይ ይገኛል። በከተማው ከእሱ የሚረክስ ማረፊያ አልነበረም። ዕለቱ በዲሴምበር መጀመሪያ የሚውለው የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ሲሆን፣ ከመንገዱ ማዶ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

መርማሪ ሂልትሩድ ኬስለር ከአስከሬኑ አጠገብ በርከክ አለች። በመሥሪያ ቤቷ ብዙ የማትናገር፣ አንድን ነገር ደግማ ሳታይ የማታልፍ ሴት መሆኗ ይታወቃል።

«ፎልክማር ፕሮል ይባላሉ» አሉ ሽማግሌው ሐኪም ላምፕሬሽት። «ጡረታ የወጡ የትራም ሾፌር ናቸው። ከሚስታቸው ጋር ለዕረፍት ከኬምኒትስ የመጡ። አንገታቸው ተሰብሮ ወዲያው ሞተዋል፤ ጎህ ሲቀድ ይመስለኛል።»

«ወድቀው?»

«ወድቀው። ማን ጣላቸው የሚለው ግን ያንቺ ፈንታ ነው፤ እኔ የማነበው አጥንት ብቻ ነው።»

መርማሪዋ የካፖርቱን ቁልፎች ፈታች። ሥሩ ፒጃማ ነበር። በፒጃማው የደረት ኪስ ውስጥ አንድ መንደሪን ፈርጦ ጭማቂው ጨርቁን አርሶታል። ጣቷን በካፖርቱ ገበር ላይ አሳለፈች፤ ገበሩ ደረቅ ነው። ቀጥላ ጫማውን አወለቀችና ዘቀዘቀችው። ከጫማው አፍንጫ አንዲት ኦቾሎኒ ከነገለባዋ ወጥታ በድንጋዩ ላይ ተንከባለለች። ገለባዋ አልተሰነጠቀም።

«ለቁርስሽ ነው?» አሉ ሐኪሙ።

«ለምስክርነት ነው» አለችና በጥንቃቄ ከረጢት ውስጥ ከተተቻት።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ወይዘሮ ዋልቡርጋ በወጥ ቤታቸው ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ምድጃ ላቀጣጥል በሬን ስከፍት እዚያው ተጋድመዋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ሰክሮ የገባ እንግዳ ነው ብዬ ‹እዚህ አይተኛም!› ብዬ ጮኼባቸዋለሁ።»

«ከዚያ በፊት ድምፅ አልሰሙም?»

«የካቴድራሉ የማለዳ ደወል ሲደወል ጆሮዬ ላይ ትራስ ነው የምከምረው። የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው።»

«ባልና ሚስቱ ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ?»

«ቆጣቢዎች! እንቁላሉን ከቤታቸው ቀቅለው፣ ሻዩን በፔርሙዝ ይዘው ነው የመጡት። የቁርስ ዳቦዬን ለምሳ ጠቅልለው ይወጣሉ፤ እኔም እንዳላየ እሆናለሁ። የሚያስከፍለውን ሁሉ ከውጭ አይተው ነው የሚመለሱት። ‹ውጪውስ ምን ይወጣለታል፣ ወይዘሮ ዋልቡርጋ!› ይሉኛል አቶ ፎልክማር። ዳገት ሲወጡ ሚስታቸውን ከኋላ እየገፉ፣ እሳቸው የትራም ድምፅ እያሰሙ፣ ሁለቱም በሳቅ እየፈረሱ…»

«ትናንት ማታስ?»

«ተጣሉ። በካቴድራሉ በነጻ የሚሰማ መዝሙር ነበረ። ወይዘሮ ጌርሊንደ ከቤታቸው ሲነሱ ጀምሮ የጓጉት ለእሱ ነው። አቶ ፎልክማር መንገድ ተሳሳቱና ሲደርሱ በሩ ተዘግቷል። ‹ከአንተ ጋር ወደ ቤት አልመለስም! ብቻህን ሂድ!› ብለው ሲጮኹባቸው ቤቱ ሁሉ ሰማ።»

«ሦስተኛው እንግዳዎስ?»

«አቶ ኤኖ ሃርምስ? ሚስት አላገቡም፤ የሁለቱ የቆየ ጓደኛ ናቸው፤ ከሰሜን፣ ከባሕሩ ዳር። በየጸደዩ አብረው ነው የሚጓዙት፤ ለሦስት ሲሆኑ የባቡር ቲኬቱ ይረክሳል። ዘንድሮ በብርዱ የመጡት በዚህ ወቅት ማረፊያው ስለሚረክስ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ግን ዝምተኛ። ትናንት ማታ ባዶ ሳህን ይስጡኝ አሉኝ። ‹ምን ሊበሉበት ነው፣ የመስኮቱን ውርጭ?› አልኳቸው። ፈገግ ብለው ሳህኑን ይዘው ወጡ።»

ከወጥ ቤቱ ደጅ አንድ የተወለወለ የሴት ጫማ ቆሟል፤ በውስጡ ቀይ ፖም ተቀምጧል።

«የእርስዎ ነው?»

«ቅዱስ ኒኮላስ ለመበለትም ይመጣል፣ ወይዘሮ መርማሪ። የምሞላው ራሴ ብሆንም።»

መርማሪዋ ፈገግ አለች፤ እሷም የዚያው ከተማ ልጅ ነችና። በዋዜማው እያንዳንዱ ሰው አንድ ጫማውን ወልውሎ ከደጁ ያኖራል፤ ጠዋት ፍሬና ጣፋጭ ተሞልቶ ያገኘዋል።

ደረጃውን ወጣች። ከባልና ሚስቱ ክፍል ደጅ ላይ ጥቁር የሴት ጫማ ብቻውን ቆሟል፤ የግራ እግር ነው፤ ባዶ ነው። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ የሰው አውራ ጣት ተረከዙ ላይ አርፎበታል። ከኮሪደሩ ጫፍ ባለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ደግሞ መንደሪን፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮላትና እፍኝ ኦቾሎኒ ተጥሏል።

ወይዘሮ ጌርሊንደ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ሁለት የቀኝ እግር ጫማዎች፣ የወንድና የሴት፣ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ስተኛ የመስሚያ መሣሪያዬን አወልቃለሁ» አሉ። «ሲነሳም፣ ሲወጣም፣ ሲወድቅም አልሰማሁም።»

«ደጅ ላይ ስላሉት ጫማዎች ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ይስቁብኝ ይሆናል። ልጅ አልወለድንም፤ ስለዚህ ልጆቹ እኛው ሆንን። በየዓመቱ የግራ እግራችንን እናወጣለን። እኔ የእሱን እሞላለሁ፣ እሱ የእኔን ይሞላል። ትናንት ያን ሁሉ ተናግሬው ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። እንቅልፍ ሲወስደው ግን ልቤ አልቻለም፤ ተነሥቼ ሞላሁለት። ጠዋት በጩኸት ቀስቅሰውኝ ስወጣ የሞላሁትን ከቅርጫት ውስጥ አየሁት። የሰጠሁትን ደፍቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ ሄደ። የእኔንም ጫማ ባዶውን ተወው። ሂድ አልኩት፤ ሄደ።»

«ወይዘሮ ጌርሊንደ…»

«ማን ገፋው፣ ማን አልገፋው፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የሞተው እኔን ትቶኝ ሲሄድ ነው?»

መርማሪዋ ሁለቱን የቀኝ ጫማዎች ደግማ አየች። «ሳላረጋግጥ አልመልስልዎትም» አለች። «ግን ዛሬውኑ እመልስልዎታለሁ።»

አቶ ኤኖ ሃርምስ ረጅምና አንገታቸውን የደፉ ሰው ናቸው። ክፍላቸው ከኮሪደሩ ማዶ ነው። ከአልጋቸው ሥር ያለው ቡናማ ጫማቸው የሰሞኑን ጭቃ እንደ ለበሰ ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ የወጥ ቤቱ ሳህን ባዶውን ተቀምጧል።

«ሳህኑ ለምንዎ ነው?»

«የልጅነት ልማድ ነው» አሉ በኀፍረት። «በእኛ ዘንድ ለቅዱስ ኒኮላስ የሚቀመጥለት ሳህን ነው። የሚሞላልኝ ባይኖርም ሳላስቀምጥ ከተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ከባልና ሚስቱ ጋር በዚህ በዓል አብረው ኖረው ያውቃሉ?»

«አይ፣ የምንገናኘው በጸደይ ነው።»

«አቶ ፎልክማር ምን የገጠማቸው ይመስልዎታል?»

«ፎልክማር ኩሩ ነበር። ‹ሂድ› ከተባለ ይሄዳል። በጨለማ፣ በንዴት ተጣድፎ… ምስኪን።» እጃቸውን ሲያወራጩ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር የገባው ጥቁር ቀለም ታየ። ወዲያው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሁሉም በምግብ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ዋልቡርጋ ማንም ያልነካውን ሾርባ አቀረቡ። ሐኪሙ በሩ አጠገብ ቆሙ። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ አራት ነገሮች አስቀመጠች፦ የሟቹን ካፖርት፣ የሟቹን የግራ ጫማ፣ የሚስታቸውን የግራ ጫማ፣ እና ያቺን አንዲት ኦቾሎኒ።

«ሟቹ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲወጡ ወደቁ ተብሏል» ስትል ጀመረች። «በደረት ኪሳቸው የነበረው መንደሪን በመውደቃቸው ፈርጧል፤ ፒጃማቸውንም አርሷል። ካፖርቱ በላዩ ላይ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ገበሩም በራሰ ነበር። ገበሩ ደረቅ ነው። ስለዚህ ካፖርቱን ከደረጃው ግርጌ ካለው መስቀያ አንሥቶ ያለበሳቸው ሰው አለ፤ ያለበሳቸውም ጭማቂው ወደ ጨርቁ ከሰረገ በኋላ፣ ማለት ከሞቱ በኋላ ነው።»

«ምን ዓይነት ጉድ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዋልቡርጋ።

«ቀጥሎ ጫማው። ይህች ኦቾሎኒ ከጫማው አፍንጫ ውስጥ ነበረች፤ ገለባዋም ደህና ነው። በዚህ ጫማ አንድ እርምጃ የተራመደ ሰው ያደቅቃት ነበር። ስለዚህ ጫማውም የተደረገላቸው ከወደቁ በኋላ ነው። አንድ ሰው ሟቹን ከቤት የሚወጣ መንገደኛ ሊያስመስል ፈልጎ ነበር። ታዲያ ሁለተኛውን ጫማ ለምን ተወው?»

በጣቷ ወደ ላይኛው ፎቅ አመለከተች።

«ምክንያቱም ቀኙ ጫማ ክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር ነበር። ወይዘሮ ጌርሊንደ ቢሆኑ ሁለቱንም ያገኙ ነበር፤ የሞሉትን ኦቾሎኒ መርሳታቸውም አይታመንም። እሳቸው አይደሉም።»

«ታዲያ እኔ ነኝ?» አሉ ወይዘሮ ዋልቡርጋ ወገባቸውን ይዘው። «በዚህ ጉልበቴ?»

«እርስዎም አይደሉም፤ ጉልበትዎ ግን አይደለም ነጻ ያወጣዎት። የዚህ ከተማ ሰው ዛሬ ማለዳ ከአንድ በር ፊት ሁለት ጫማ ቢያይ፣ ሁለት ሰዎች አሉ ይላል እንጂ ጥንድ ጫማ ነው አይልም። ይህ ሰው ግን ጥንድ መሰሉት። በጨለማው ውስጥ ሁለቱንም አነሣ፤ እጁን የነካውን ጣፋጭ ቅርጫት ውስጥ ደፋ፤ ጥልቅ የገባችውን ግን አላገኛትም። ወርዶ አንዱን አደረገላቸው። ሁለተኛውን ሲያነሣ እሱም የግራ ሆነበት፤ ያውም የሴት። ያን ጊዜ የእርስዎ በር ሲከፈት ሰማ። የሴቲቱን ጫማ ይዞ ወደ ላይ ሮጠ፤ መልሶም አስቀመጠው። ባልደረቀው ቀለም ላይ ግን አውራ ጣቱን ጥሎበት ሄደ።» ፊቷን አዞረች። «ይህ ሰው ያደገው ጫማ ሳይሆን ሳህን በሚቀመጥበት አገር ነው። አቶ ኤኖ፣ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

አቶ ኤኖ እጃቸውን አላወጡም። ወደ ወይዘሮ ጌርሊንደ ግን ቀና አሉ።

«ትናንት ማታ ‹ከእሱ ጋር አልመለስም› ስትይ ሰማሁሽ» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ያንን ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ፣ ጌርሊንደ። ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደምጠይቅሽ ሳስብ አደርኩ። ደወሉ ሲጀምር ወደ መጸዳጃ ቤት ስወጣ ፎልክማር በካልሲው ደረጃውን ሲወጣ አገኘሁት። ወጥ ቤት ደብቆት የነበረውን መንደሪን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ‹ይሄ የእሷ ነው› አለኝ፤ ‹አየህ ኤኖ፣ የእኔንም ሞልታልኛለች! አልነካሁትም፤ ሲነጋ አብረን እናየዋለን።› መንደሪኑን ኪሱ መለሰና ሳቀ። ደረቱን ገፋሁት። እንዲሞት አይደለም። ሳቁን እንዲያቆም ነበር።»

ወይዘሮ ዋልቡርጋ በሽርጣቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ትተውዎት አልሄዱም» አለች መርማሪዋ ለወይዘሮ ጌርሊንደ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወደ እርስዎ ሲመለሱ ነው።»

ወይዘሮ ጌርሊንደ የሰሙ አይመስሉም። ዓይናቸው አቶ ኤኖ ላይ ነበር።

«አይቶታል?» አሉ። «የሞላሁለትን አይቶታል?»

«አይቶታል።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሳቀው?»

አቶ ኤኖ ፊታቸውን አዞሩ። ወይዘሮ ጌርሊንደ መልሱን እየጠበቁ፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን በጣታቸው ወደ ጆሯቸው ጠበቅ አደረጉ። ፖሊሶቹ አቶ ኤኖን ይዘው ከወጡ በኋላም እንደዚያው ጆሯቸውን እንደሰጡ ተቀምጠው ነበር።

ፍርዱ የተሰጠው በጸደይ ነው። ወይዘሮ ጌርሊንደ ፕሮል በምስክርነት ተመዝግበው የነበረ ቢሆንም አልቀረቡም፤ በፌብሩዋሪ ወር ኬምኒትስ ውስጥ አርፈዋል።