ሁለት ነጭ መስመሮች

የቢጫው ሩዝ ጫፍ የራትሪ ሳህን ላይ አላረፈም።

አባቷ ሳርዲ ተከምሮ እንደ ሾጣጣ የቆመውን ሩዝ ከአናቱ ቆረጠ፤ አንድ የዶሮ ቅልጥም ጨመረበት፤ ከዚያ ሳህኑን ይዞ በራትሪ ፊት አለፈና አጠገቧ ለቆመችው ለጋሉህ ሰጣት። የሃዲድ ጠጠር አጣሪው ማሽን ሠራተኞች በሙሉ አጨበጨቡ። ራትሪም አጨበጨበች። ምን ታድርግ? ሰው እያያት ነው።

ማሽኑ አዲስ መስመር ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ይጸለያል፣ እንዲህ ይበላል። የሩዙ ጫፍ ደግሞ ለማንም ዝም ብሎ አይሰጥም። አምና የተሰጠው ጡረታ ለወጡት ሽማግሌ መካኒክ ነበር፤ ካቻምና በአክብሮት «ፓክ» ለሚሏቸው ለአለቃው ለዊርዮ። ዘንድሮ ለተለማማጅ! ያውም ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ሳምንት ለሆናት፣ እናቷ ክሮያ ጣቢያ በር ላይ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ቂጣ ጠብሳ ለምትሸጥ ልጅ!

«ባለፈው ሳምንት ‹የሰንሰለቱ ድምፅ ተቀይሯል› ብላ ያስቆመችኝ እሷ ናት» አለ አባቷ። «ሃያ ዓመት የነዳሁት ሰውዬ አልሰማሁትም። ብሎኑ ሊወልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።»

«ጆሮ ነው እንጂ!» አለ አንዱ ሠራተኛ። «ሳርዲ፣ ወንበርህን ልታስረክባት ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ጋሉህ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሳህኑን ወደ ራትሪ አስጠግታ «ነይ እንካፈል፣ ጀለሴ» አለቻት።

«ጠግቤያለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

ነገሩ ይበልጥ የሚያንገበግበው ጋሉህን ወደዚህ ያመጣቻት ራሷ ራትሪ መሆኗ ነው። ሁለቱ የባቡር ሙያ ትምህርት ቤት ከገቡበት ቀን ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። የልምምድ ጊዜ ሲደርስ «ጓደኛዬም እኛ ጋ ትሁን» ብላ አባቷን የለመነችው እሷ ናት። በገዛ እጇ! አሁን ያ ቀን ትዝ ሲላት ምላሷን መንከስ ያምራታል።

ማሽኑን ራትሪ ፊደል ሳትለይ ጀምሮ ታውቀዋለች። እንደ ቤት ረጃጅም የሆኑ ቢጫ ፉርጎዎች የተቀጣጠሉበት ነው። ከሃዲዱ ሥር ባለ ጥርስ ሰንሰለት ያስገባና ጠጠሩን ዝቆ ያወጣል፤ በትልቅ ወንፊት ይነፋዋል፤ ጭቃውን ወደ ሜዳ ይተፋል፤ ንጹሑን ጠጠር መልሶ ከሃዲዱ ሥር ያነጥፋል። የአባቷን ልብስ አቧራ እያራገፈች ያደገች ልጅ ናት። ስለ ሥራው ስትጠይቀው ግን መልሱ «እህም» ነው። ለጋሉህ መሬት ላይ በጣቱ እየሣለ ያስረዳል። ለጋሉህ ይስቃል። ይህን ባየች ቁጥር የሚሰማት ቅናት መሆኑን ራትሪ አሳምራ ታውቃለች። ማወቋ ግን ምንም አላቀለለላትም።

በዚያ ላይ የማዲዩን ጉዳይ አለ። ወሩ ሲያልቅ ማሽኑ ወደ ማዲዩን ከተማ ይሄዳል። በሠራተኞቹ መኝታ ፉርጎ ውስጥ አንድ አልጋ ክፍት ስለሆነ ከሁለቱ ተለማማጆች አንዷ በዕረፍት ጊዜዋ አብራ ትሄዳለች። የምትመረጠዋን ፓክ ዊርዮ ናቸው የሚወስኑት። ራትሪ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የጠበቀችው ያንን አልጋ ነው።

ከምሳው በኋላ ፓክ ዊርዮ ሁለቱን ማሽኑ ነገ ወደሚሠራበት መስመር ላኳቸው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በብረት ዘንግ ጠጠሩን እየወጉ ከሃዲዱ ሥር የሚያልፍ ኬብል መፈለግና ቦታው ላይ በነጭ ቀለም ሁለት መስመር ማስመር። የኬብሎቹ ካርታ የድሮ ስለሆነ ማንም አያምነውም። ማሽኑ ነጩን መስመር ሲያይ ይቆማል፤ ሰዎች በእጅ ቆፍረው ኬብሉን ዝቅ ያደርጉታል፤ ከዚያ ይቀጥላል። መስመር ከሌለ ሰንሰለቱ ኬብሉን ከዛፍ ሥር ሳይለይ ይቆርጠዋል።

የመጀመሪያው መቶ ሜትር የራትሪ፣ የሚቀጥለው የጋሉህ ነበር። ራትሪ ጨርሳ ስትሄድ ጋሉህ ተንበርክካ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ሃዲዱ በተቀመጠበት አግዳሚ እንጨት ላይ ነጭ መስመር ታሰምራለች።

«አገኘሁት!» አለች ቀና ብላ። «እንዲህ ነው አይደል የሚሰመረው?»

እንዲህ አይደለም። የሚሰመረው ብረቱ ላይ፣ በሃዲዱ ጎን ነው። «እንጨት ይቀየራል፤ ብረት ይቆያል» ይላል አባቷ። ይህን ለጋሉህ ማንም አልነገራትም፤ እያንዳንዱ ሌላው የነገራት መስሎታል።

«አዎ» አለች ራትሪ። «ምን ችግር አለው?»

«ነፍስ ነሽ! እኔ እኮ አንዳንዴ ፋራ ነኝ።»

ራትሪ ዘንጓን አንስታ ሄደች። ያሰበችው ትልቅ ነገር አልነበረም። ማታ አባቷ ሲያጣራ ያየዋል፤ ጋሉህን ሰው ፊት ትንሽ ይቆጣታል፤ የሩዙ ጫፍም ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። በቃ፣ ይቺን ታህል። ማታ ግን ኃይለኛ ዝናብ ወረደና አባቷ ሳያጣራ ቀረ።

በማግስቱ ሃዲዱ የተዘጋላቸው ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። በስድስት ሰዓት የመንገደኞች ባቡር ያልፋል፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ አይጨመርም። ራትሪ ቀይ ባንዲራ ይዛ ከማሽኑ ፊት ፊት ትሄዳለች። ጋሉህ ግን ላይ፣ ከራትሪ አባት ወንበር ጎን ነው የቆመችው። «ጆሮሽን እፈልገዋለሁ» ብሎ ጠርቷታል። ራትሪ ወደኋላ ዞራ ባየች ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ራሶች ተጠጋግተው ይታዩዋታል።

የጋሉህ መቶ ሜትር ላይ ስትደርስ ነጩን መስመር ፈለገች። የለም። ወደፊት ሄደች፤ ተመለሰች። እግሯ ሥር ያሉት አግዳሚዎች ጥቁርና አዲስ ናቸው፤ ሬንጃቸው ይሸታል። የጥገና ሰዎች ማለዳ መጥተው የተሰነጠቁትን እንጨቶች ቀይረው ሄደዋል።

አሮጌው አግዳሚ ከጎን ያለው ቦይ ውስጥ ተጥሏል። ሁለት ነጭ መስመሮች አሉበት። አጠገቡ አንዲት የመንደሩ ሴት በገመድ ጫፉን አስራ ለመጎተት ትታገላለች።

«ልጄ፣ ይቺን እንጨት ልውሰዳት?» አለች ሴትየዋ። «ማንም አይፈልጋት እኮ። ለአጥር ትሆነኛለች።»

«ውሰጃት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ሴትየዋ ትሄዳለች፤ መስመሩም አብሮ ይሄዳል። ጋሉህ ኬብሉን ጭራሽ አላየችውም ይባላል። «አስምሬ ነበር፤ ራትሪም ትክክል ነው ብላኛለች» ብትል ማን ያምናታል? የቴምፔ ሻጯን ልጅ ማን ያምናል፣ የሳርዲ ልጅ እያለች?

ይህ ሐሳብ ከራሷ ጭንቅላት መውጣቱ ራትሪን አስደነገጣት። ማሽኑ አርባ እርምጃ ቀርቶታል። ሰንሰለቱ ጠጠሩን ሲያኝክ እግሯ ሥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ? ልውሰዳት ወይ?»

«አይ፣ እማማ! ተዪው! አትንኪው!»

ባንዲራውን ከፍ አድርጋ በሁለት እጇ አወዛወዘች።

ማሽኑ ሲቆም ሰንሰለቱ ለትንሽ ጊዜ ተንገጫገጨና ዝም አለ፤ ሞተሩ ግን ያጓራል። ፓክ ዊርዮ እየሮጡ መጡ። «ምንድን ነው? ሰዓት እየገደልን ነው እኮ!» ራትሪ በጣቷ ቦዩን፣ ቀጥሎም አዲሱን አግዳሚ አሳየች። ሁለት ሰዎች በአካፋ ቆፈሩ። አንድ ክንድ ሳይሞላ ጥቁሩ ኬብል ብቅ አለ። የምልክት መብራቶቹ ሁሉ በእሱ ነው የሚሠሩት።

ፓክ ዊርዮ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። «ይሄ ተቆርጦ ቢሆን እስከ ማታ አንድ ባቡር አይንቀሳቀስም ነበር። ማነው እንጨት ላይ የቀባው?»

ጋሉህ ከደረጃው ወርዳ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ፣ ፓክ።»

«እንጨት ላይ! ሃዲዱ ላይ እንደሚሰመር አታውቂም?»

ጋሉህ አፏን ከፈተች። ራትሪን አየቻት። የትናንቷን ጥያቄ፣ የትናንቱን መልስ እያሰበች እንደሆነ ራትሪ ከዓይኗ አነበበች። አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች፤ እንዲያውም ብትናገር ደስ ባላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ጋሉህ፤ ዓይኗንም መሬት ላይ ተከለች።

«በይ እንግዲህ፣ ነገ ወደ ትምህርት ቤትሽ! እዚህ ሁለተኛ ዕድል የለም» አሉ ፓክ ዊርዮ። ወደ ራትሪ ሲዞሩ ድምፃቸው ለሰለሰ። «አንቺ ግን ዓይን አለሽ። የማዲዩን አልጋ የራትሪ ነው። አለቀ።» ይህን ብለው ኬብሉን ወደሚያወርዱት ሰዎች ሄዱ።

አባቷ ወደ እሷ መጣ። ትከሻዋ ላይ እጁን አሳረፈና ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየው። ዛሬ «እህም» አላለም።

«የኔ ልጅ» አለ። «ከእኔ ትበልጫለሽ።»

ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የጠበቀችው ይህንንም ነበር። አሁን ሲመጣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ስጦታ ሆነባት። ጋሉህ ትንሽ ራቅ ብላ የራስ ቁሯን በሁለት እጇ ይዛ፣ ማንንም ሳታይ ቆማለች።

«አባዬ» አለች ራትሪ። «ትናንት ጠይቃኝ ነበር። ትክክል ነው አልኳት። ብረቱ ላይ መሆን እንዳለበት እያወቅኩ።»

እጁ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አነሳው።

«ምን አለች?» ሲሉ ፓክ ዊርዮ ከወዲያ ጮኹ። በሞተሩ ጩኸት ምንም አልሰሙም፤ ጋሉህም አልሰማችም።

ራትሪ ወደ ፓክ ዊርዮ ዞረች፤ ጋሉህም እንድትሰማው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደገና ተናገረችው።